ሐና ሰሌዳው ላይ የሠራችው ስሌት

ያደረግኩትን ያደረግኩት አውቄ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ልናገረው፤ ስታነቡ ቆይታችሁ «ምስኪን፣ ትምህርት ስላልገፋች ነው» እንዳትሉልኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ መቆሙ እውነት ነው። ግን ያን እሑድ ጠዋት ዳይሬክተሯ ቢሮ ውስጥ ከነበርነው ሰዎች መካከል የሚሆነውን ቀድሜ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጥሩወርቅ እባላለሁ። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈር ልብስ እሰፋለሁ፤ የሚበዛው መጋረጃና የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ባለቤቴ ከዶራሌ ወደብ ዕቃ እየጫነ ወደ ኢትዮጵያ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከወሩ አብዛኛውን ቀን ቤት የለም። አንዲት ልጅ አለችን፣ ሜሮን። ያኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። በር ቆልፌ ሄጄ ተመልሼ እነካዋለሁ። ከስፌት ስነሣ መርፌዎቼን ቆጥሬ ነው ወደ ጣሳው የምመልሳቸው። ሜሮን ስታስል የምታመመው እኔ ነኝ።

በቤቱ ውስጥ ሌላም ልጅ ነበረች። ሐና ትባላለች፤ የጓደኛዬ የዘነበች ልጅ ናት። ዘነበች ባሕሩ ዳር ባለው የፈረንጆች ሰፈር እዚያው እያደረች በቤት ሠራተኝነት ትሠራለች፤ የምትወጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። አሠሪዋ ልጅ ይዛ እንድትገባ ስላልፈቀደችላት ሐና ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያደገችው እኔ ቤት ነው። ከሜሮን ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ይተኛሉ፣ አንድ ክፍል ይማራሉ፣ ቦርሳ ይቀያየራሉ። ሜሮን «አንቺ» ትለኛለች፤ ሐና ስድስት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» እንዳለችኝ ነው።

በዚያ ዓመት ሁለቱም የመጀመሪያ ደረጃን ጨረሱ። ከከተማው መሀል ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት በየዓመቱ ሃያ ሴት ልጆችን አወዳድሮ በነፃ ያስተምራል። ሁለቱም ተመዘገቡ። ለሜሮን ይህ ቦታ ትልቅ ነገር ነበር፤ ባይሳካላትም ግን አባቷ የመኖሪያ ወረቀት ስላለው የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ይቀበላታል። ሐና ግን ወረቀት የላትም፤ እስከዚያ የተማረችውም የመጀመሪያ ደረጃው ወረቀት ስለማይጠይቅ ነው። እናቷ ድንበሩን ስትሻገር በጀርባዋ አዝላት ነው የመጣችው፤ የልደት ምስክር የሚባል ነገር የለም። የግል ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው ውጤት ብቻ ነበር። ለእሷ ሌላ በር አልነበረም። ይህንንም አውቅ ነበር።

አሁን ስለ ሒሳቡ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና።

ሜሮንን ሒሳብ የማስጠናት እኔ ነበርኩ። የማውቀው የስፌት ሒሳብ ነው። በስፌት ሒሳብ ደግሞ ጭራ ያለው ቁጥር አይያዝም። ደረቷ ሰማንያ ሰባት ከትንሽ ከሆነ ሰማንያ ስምንት ብለሽ ትይዣለሽ፤ ለስፌት ስትጨምሪ ደግሞ ወደ ላይ ታጠጋጊያለሽ፤ ለመታጠፊያው እንደገና። ትርፉን መቁረጥ ይቻላል። ያጠረውን ግን ደንበኛዋ ፊትሽ ላይ ነው የምትወረውርልሽ። እናም ልጄን «በየደረጃው አጠጋጊና እለፊ፣ ጭራ ይዘሽ አትዙሪ» ብዬ አስለመድኳት።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ሦስት ሜትር ጨርቅ ለሰባት እኩል ቢከፈል፣ እንደዚያ ያሉ ሠላሳ አምስት ቁራጮች በድምሩ ስንት ሜትር ይሆናሉ? ሜሮን ሦስትን ለሰባት ስታካፍል ዜሮ ነጥብ አራት ሁለት ስምንት እያለ የማያልቅ ቁጥር መጣባት። እኔ እንዳስለመድኳት ወደ ላይ አጠጋግታ ግማሽ ሜትር አለችው። በሠላሳ አምስት አባዛችው፤ ዐሥራ ሰባት ሜትር ተኩል። መምህሩ በቀይ ሰርዞ ለክፍሉ ጮክ ብሎ አንብቦታል።

«የት ነው ስሕተቱ?» አልኩ። እውነቴን ነው፣ አልታየኝም።

ሐና የስፌት ጠመኔዬን አንሥታ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጻፈች። «እትዬ ጥሩ፣ እርስዎ ሲሰፉ አንድ ቀሚስ ነው የሚሰፉት። ትንሽ ቢተርፍ ያችው ትንሿ ናት። እዚህ ግን የጨመሯት ነገር ሠላሳ አምስት ጊዜ ትባዛለች።»

«ታዲያ ጭራውን ምን ላድርገው?»

«አይንኩት። ሦስት ሰባተኛ ብለው ይተዉት። ሦስትን በሠላሳ አምስት ያባዙ፣ መቶ አምስት። ከዚያ ለሰባት ያካፍሉ።»

አካፈልኩ። ልክ ዐሥራ አምስት ሜትር። ጭራ የሚባል ነገር የለውም።

«እማዬ ሁለት ሜትር ተኩል ጨርቅ ሰርቃለች» አለች ሜሮን፣ እንባዋ ሳይደርቅ እየሳቀች።

«ደንበኞቼ እንዳይሰሙሽ።»

«መቼ ነው ታዲያ የሚጠጋጋው?» ብዬ ሐናን ጠየቅኳት። «ቁጥሩን ገና የምንሠራበት ከሆነ አናጠጋጋውም። ከእሱ በኋላ የሚሠራ ነገር ከሌለ ብቻ እናጠጋጋለን። የመጨረሻው መሥመር ላይ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሲያጠኑ እኔም ከስፌት መኪናዬ ቀና እያልኩ አብሬ እሠራ ነበር። ሐና ለእኔም ጥያቄ ታወጣልኝ ነበር፤ ሳገኘው «ጎበዝ እትዬ» ትለኛለች፣ መሀል ላይ ሳጠጋጋ ደግሞ ዝም ብላ ጣቷን ስሕተቱ ላይ ታስቀምጣለች። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ በዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ተማርኩ። ደስ ይለኝ ነበር።

ውጤቱ የተለጠፈው ሐሙስ ነው። የአጥሩ በር ላይ ሃያ ስም። ከሥሩ መሥመር፣ ከመሥመሩ በታች ያላለፉት። ሐና ሃያኛ፣ ዐሥራ ሦስት ነጥብ ስድሳ ሰባት። ሜሮን ሃያ አንደኛ፣ ዐሥራ ሦስት ነጥብ ሠላሳ ሦስት።

ሜሮን ሐናን አቀፈቻት። እውነተኛ ማቀፍ ነበር። ቤት ስንደርስ ግን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ፍራሹ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ሐና ደስታዋን የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት አጠገቧ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙቀቱ በሩን ዘግቶ ሲተኛ እኔ የሁለቱን የውጤት ወረቀት ይዤ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። የምፈልገው የልጄን ስሕተት ነበር። እኔ ያስለመድኳት ነገር ፈተና ላይ ጎድቷት እንደሆነ ለማየት ነበር፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። በዚህ እምላለሁ።

ወረቀቱ ላይ ሦስት ትምህርት አለ፦ ፈረንሳይኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ። በየትምህርቱ ሦስት ፈተና፣ ሁለት የጽሑፍና አንድ የቃል፣ ሁሉም ከሃያ። ከሦስቱ ጎን የትምህርቱ አማካይ ተጽፏል። የሜሮን ፈረንሳይኛ ዐሥራ አራት፣ ዐሥራ ሦስት፣ ዐሥራ ሦስት። አማካይ፦ ዐሥራ ሦስት።

ደመርኩ። አርባ። አርባ ለሦስት ዐሥራ ሦስት ከሲሶ ነው። ሲሶው የት ሄደ?

ሒሳቧን አየሁ። ዐሥራ ስድስት፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ አምስት። የተጻፈው ዐሥራ አምስት ነው፤ እዚህም ሲሶ ጠፍቷል። ሳይንሷ ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ሦስት፣ ዐሥራ ሁለት፤ የተጻፈው ዐሥራ ሁለት። ሦስት ጊዜ ወደ ታች አጠጋግተውባታል፣ ከዚያ የተጠጋጉትን ሦስት ቁጥሮች ደምረው እንደገና ለሦስት አካፍለዋል።

የሐናን አወጣሁ። ሒሳብ ዐሥራ ስድስት፣ ዐሥራ ሰባት፣ ዐሥራ ሰባት፤ ወደ ላይ ተጠጋግቶ ዐሥራ ሰባት ተብሏል። ፈረንሳይኛ ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ አንድ፤ ወደ ላይ ተጠጋግቶ ዐሥራ ሁለት። ሳይንስ ሦስቱም ዐሥራ ሁለት።

መሀል ላይ ሳልነካ ዘጠኙን ፈተና በሙሉ ደመርኩ። ሜሮን መቶ ሃያ ሦስት። ሐና መቶ ሃያ አንድ።

እንደገና ደመርኩ። በሦስተኛው ከታች ወደ ላይ ደመርኩ። መቶ ሃያ ሦስት፣ መቶ ሃያ አንድ። የወረቀቱ ጀርባ ላይ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ደንብ አለ፤ ስንመዘገብ ሐና ራሷ ናት ያነበበችልኝ፦ የሚጠጋጋው የመጨረሻው አማካይ ብቻ ነው ይላል። ሁለቱን ወረቀት አንድ ላይ አጥፌ የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ አስገባሁ። ከጓዳ የሁለቱ ድምፅ ይሰማኛል፤ ሐና የሆነ ነገር ብላ ሜሮንን አሥቃታለች።

ዓርብ ዘነበች መጣች። አሠሪዋ የተረፈ ኬክ ሰጥታት በፎይል ጠቅልላ ይዛለች። በሩ ላይ ሳትደርስ ነው እልልታዋን ያቀለጠችው፤ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እንዲህ ስትሆን ያን ዕለት ብቻ ነው ያየኋት።

«ጥሩዬ፣ አንቺ ነሽ ያደረግሽልኝ።»

«እኔ ምን አደረግኩ።»

«ዝም በይ። አበላሽ፣ አጠጣሽ፣ አስተማርሽ።»

«እሷ ናት እኔን ያስተማረችኝ።»

ሣቀች። ሜሮንን ጠርታ ኬኩን በእጇ አጎረሰቻትና «አንቺ ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺ፣ የኔ ቆንጆ? አባትሽ ወረቀት አለው። የመንግሥቱ እጁን ዘርግቶ ይቀበልሻል» አለቻት። በደግነት ነው ያለችው። እኔ ግን በልጄ ፊት ላይ የሆነ ነገር ሲዘጋ አየሁ። እኔም ትንሽ ልጅ ሆኜ ከአራተኛ ክፍል ሲያስወጡኝ «አንቺ እጅሽ ጎበዝ ነው፣ ስፌት ትማሪያለሽ» ብለው አጽናንተውኛል።

«እሑድ ነው ምዝገባው» አለች ዘነበች ስትሄድ። እዚህ እሑድ የሥራ ቀን ነው። «ማዳሜ እንግዳ አለባት፣ አትለቀኝም። አንቺ ሄደሽ አስመዝግቢልኝ።»

«እሺ» አልኳት።

እሺ ስላት መሳቢያው ክርኔ ሥር ነበር።

እሑድ ጠዋት የበረሃው ነፋስ ተነሥቶ አሸዋ እየረጨን ከሐና ጋር ወጣን። ሜሮን አልመጣም ብላ ቀረች። ሐና ቀሚሷን ራሷ ተኩሳ፣ ጸጉሯን በውሃ አስተኝታ፣ የትምህርት ወረቀቶቿን በፋይል ይዛ ከጎኔ ትሄዳለች። እኔ ቦርሳ ውስጥ ሁለቱ የውጤት ወረቀቶች አሉ። «ዝም ብዬ እጠይቃለሁ» እላለሁ በልቤ። «ሲያፍሩ ሁለቱንም ይቀበላሉ።» ምኒልክ አደባባይ ላይ ከሚኒባሱ ስንወርድ ይህን ለራሴ መቶ ጊዜ ነግሬዋለሁ።

ዳይሬክተሯ ቀጭን ሴት ናት፤ ፈጣን ፈረንሳይኛ ነው የምትናገረው። የእኔ ፈረንሳይኛ ከመጋረጃና ከቁልፍ አያልፍም። ስለዚህ የምታስተረጉመኝ ሐና ነበረች።

«ሐና፣ ሃያኛ» አለች ዳይሬክተሯ። ቅጹን አዞረችልኝና እስክሪብቶ ዘረጋችልኝ። «እዚህ ይፈርሙ።»

እስክሪብቶውን አልተቀበልኩም። ሁለቱን ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ።

«ሐናዬ፣ ስሌቱ ላይ ጥያቄ አለኝ በያት።»

ሐና ወረቀቶቹን አየች። የሜሮንን ሲሶዎች፣ የራሷን የተጨመሩ ቁጥሮች። ፈጣን ልጅ ናት፤ ጣቷን ስሕተት ላይ ለማስቀመጥ ጊዜ ፈጅቶባት አያውቅም። ፊቷ ላይ ሲገባት አየሁ። ከዚያ ወደ ዳይሬክተሯ ዞራ አንድም ቃል ሳታጎድል ተረጎመችልኝ።

«ምን ዓይነት ጥያቄ?»

«መሀል ላይ አጠጋግታችኋል። ደንቡ መጨረሻ ላይ ነው የሚለው።»

ሐና ተረጎመች።

ዳይሬክተሯ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። መርፌ የወጋጋውን ጣቴን አየች። «ይህን ለእሷ ማን ነገራት?»

ሐና መለሰች። መልሷን ሳትተረጉምልኝም ገባኝ፤ «እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው» ነው ያለችው።

ሴትየዋ ሣቀች። «እንግዲያው አንቺው ሥሪው» ብላ የሰሌዳ መጻፊያ ዘረጋችላት።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። እስክሪብቶው ገና ጠረጴዛው ላይ ነው። «ይተዉት ማዳም፣ ተሳስቼ ነው» ብዬ ብፈርም ሐና አትጠይቀኝም፣ ሜሮን አታውቅም፣ ዘነበች እስከ ዕለተ ሞቷ ትመርቀኛለች። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ሐና የራሷን ነው የጀመረችው። ዘጠኙን ማርክ በአንድ መሥመር ጻፈች፣ በመካከላቸው የመደመር ምልክት። መቶ ሃያ አንድ። ከሥሩ ዘጠኝ።

«የየትምህርቱን አማካይ አታወጪም?» አለቻት ዳይሬክተሯ።

«አያስፈልግም ማዳም። እዚያ ላይ ከተጠጋጋ ስሕተቱ አብሮ ይሄዳል።» ይህን ለእኔም ተረጎመችልኝ፣ ሥራዋ ስለሆነ።

ዐሥራ ሦስት ነጥብ አራት አራት አራት። አላጠጋጋችውም፤ ሦስት ነጥብ አስከትላ ተወችው። ከዚያ የሜሮንን ጻፈች። መቶ ሃያ ሦስት ለዘጠኝ። ዐሥራ ሦስት ነጥብ ስድስት ስድስት ስድስት። ፊደሏ እንደ ሁልጊዜው የሚያምር ነበር። የመጨረሻው መሥመር ላይ ሁለቱን አጠጋጋች፤ ሐና ዐሥራ ሦስት ነጥብ አርባ አራት፣ ሜሮን ዐሥራ ሦስት ነጥብ ስድሳ ሰባት። ከሥራቸው አሠመረችበትና መጻፊያውን ከድና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ዳይሬክተሯ በካልኩሌተር አየችው። መሣቋ ቀረ። ጸሐፊዋን ጠርታ የሁሉንም ውጤት አስመጣችና «ውጭ ጠብቁ» አለችን።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን።

«እትዬ ጥሩ፣ መቼ ነው ያገኙት?»

«ሐሙስ።»

«ዓርብ እማዬ ስትመጣ ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«እሺ» አለች።

«ሁለታችሁንም ይቀበሏችኋል፣ አታስቢ።»

«ሃያ ወንበር ነው ያለው። ስንገባ በመስኮት ቆጥሬያለሁ።»

ተጠርተን ስንገባ ዳይሬክተሯ አዲስ ዝርዝር ይዛለች። ሌሎቹ የነበሩበት እንደሆኑ፣ የተለዋወጡት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ እንደሆኑ ተናገረች። ከዚያ ዝርዝሩን ለሐና ሰጠቻት። «ሃያኛዋ ማናት? ለአሳዳጊሽ ንገሪያት።»

ሐና ወደ እኔ ዞረች። «ሜሮን ናት፣ እትዬ።»

ያኔ ነው የለመንኩት። «ማዳም፣ ሁለቱንም ይውሰዷቸው። ይህችኛዋ ሌላ የምትገባበት የላትም። በያት ሐና።»

ራሷ ስለ ራሷ «ይህችኛዋ ሌላ የምትገባበት የላትም» ብላ ተረጎመች።

«ስሌት ነው የፈለግሽው፤ ስሌቱ ይኸው» አለች ዳይሬክተሯ። «አሁን ደግሞ ሃያ አንዱን ወደ ሃያ ላጠጋጋልሽ?» አዲስ ቅጽ አወጣች። የሜሮን ስም ተጽፎበታል። የምፈርምበት ቦታ አልታይ አለኝ፣ ዓይኔ ውሃ ሞልቶበት ነበር። ሐና ጣቷን መሥመሩ ላይ አስቀመጠችልኝ። ፈረምኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሐና ፋይሏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በመስኮት ታያለች።

«ሜሮን ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እኔ እንደሠራሁት አይንገሯት። ጥሩ አይደለም፣ ትምህርቱን ታስጠላታለች።»

እኩለ ቀን ላይ ዘነበች ደወለች። «ተመዘገበችልኝ?» የሚለው ድምፅዋ ሲመጣ ስልኩን ለሐና ሰጠኋት። አዎ፣ ለልጅቷ ሰጠኋት። «እማዬ፣ ተሳስተው ነበር አሉ» አለች። «አልደረሰኝም። አይ፣ እትዬ ጥሩ በጣም ለምነውልኛል።»

ዓርብ ዕለት ዘነበች ስትመጣ እልልታ የለም፤ ልጆቹ ውጭ ነበሩ። ገብታ ያደረገችው የመጀመሪያ ነገር እኔን ማመስገን ነበር፤ ስለለመንኩላት። ከዚያ ሜሮን ግድግዳው ላይ የሰቀለችው አዲስ ዩኒፎርም ላይ ዓይኗ አረፈ። እየሰፋሁት ነበር፤ የእጅጌው መርፌ ገና አልወጣም።

«የማን ነው?»

«የሜሮን።»

«ሜሮን ገባች?»

«አዎ።»

ትምህርት የላትም፣ ግን ሃያ ወንበር ምን ማለት እንደሆነ ይገባታል። «ስሕተቱን ማን አገኘው?»

«እኔ።»

«በስንት ነው የበለጠቻት?»

«በሁለት ማርክ።»

«ሁለት» አለች። አልተራገመችም፤ ብትራገም ይሻለኝ ነበር። ፍራሹ ሥር የነበረውን የሐናን ልብስ በላስቲክ ከረጢት መክተት ጀመረች። «ማዳሜ ልትወልድ ነው። ሕፃን የምትይዝላት ልጅ ስትፈልግ ነበር፤ እኔ ነኝ ልጄ ትማራለች ብዬ የከለከልኳት።» ከረጢቱን አሰረች። «ዛሬ ሄጄ ልጄ አለች እላታለሁ።»

ሐና ከውጭ ተጠርታ ስትገባ ሜሮንን ሳመቻት። ለእኔ ዝቅ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ ጥሩ። ብዙ አስቸገርኩዎ» አለችኝ። ስትለው ምጸት አልነበረበትም። እናቷ እንደዚያ እንድትል ነው ያስተማረቻት።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። አንባቢዎቼ፣ በተለይ እናቶች፣ ስሌቱ ትክክል ነበር። አሁንም ቁጭ ብላችሁ ብትደምሩት መቶ ሃያ ሦስትና መቶ ሃያ አንድ ነው የሚመጣላችሁ። ልጄ የሚገባትን ነው ያገኘችው፤ ማንም ሌባ ሊለኝ አይችልም። እኔ በፊት ትክክል የሆነ ሰው እንቅልፉን ይተኛል ብዬ አስብ ነበር። ስጋት የሚያድርበት ስሕተት ያለበት ሰው ነው ብዬ ነበር በርና መርፌ ስቆጥር የኖርኩት። አሁን በሩን አንድ ጊዜ ቆልፌ እሄዳለሁ። የምፈራው ከውጭ የሚመጣ ነገር አይደለም።

ሜሮንን «ስሕተታቸውን አረሙት» ብቻ ነበር ያልኳት፤ እውነቱን የሰማችው ከእኔ አይደለም። አዲሱ ትምህርት ቤቷ ውስጥ፣ ሒሳብ ክፍል፣ በብዙ ደረጃ የሚሠራ ጥያቄ ላይ መቼ መጠጋጋት እንዳለበት ሲማሩ ዳይሬክተሯ ገብታ ምሳሌ ሰጠች። «አንዲት ልጅ መሀል ላይ በተጠጋጋ ቁጥር ገብታ ነበር» አለች። «ሰሌዳው ላይ ራሷ አርማ ራሷን አስወጣች። ስሕተቱን ይዛ የመጣችው አሳዳጊዋ ናት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ነው ከእናንተም የምፈልገው።» ልጆቹ ሣቁ። በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች ትነግራቸዋለች አሉ።

ሜሮን የዚያን ቀን ቤት ገብታ መኪናዬ ፊት ቆመች። አልጮኸችም።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ በስሕተት ገብቼ ሐና ቀርታ ቢሆን፣ ወረቀቶቹን ለዳይሬክተሯ ታወጪያቸው ነበር?»

«አላውቅም» አልኳት።

ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ። ማውጣቱ ይቅርና አልደምራቸውም ነበር። ሜሮንም ይህን አውቃለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ውጤቷን ስጠይቃት «አልፌያለሁ» ብቻ ነው የምትለኝ፤ ወረቀቱን አታሳየኝም።